ቀባሪስ አለን፤ ጧሪ ከየት ይምጣ?

ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን ስለ እናትና አባቶቻችን እርጅና ነው የምጽፍላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል። በተለይ ውጭ ሀገር እየኖራችሁ እዚህ ወላጅ ያላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

በቅርቡ አንዲት የ74 ዓመት እናት ሊታከሙ መጡ። ቤታቸው እዚሁ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ነው። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም፣ እማማ እላቸዋለሁ። በአንድ ወር ውስጥ 3 ጊዜ ወድቀዋል። የመጨረሻው ጊዜ ግንባራቸውን ከበሩ ደፍ ጋር አጋጭቷቸዋል።

«እማማ፣ ምን ሆነው ነው የሚወድቁት?»

«ምን አውቄ ልጄ፣ እርጅና ነዋ! ከአልጋ ስነሣ ዓይኔ ጭልም ይላል፤ ከዚያ መሬት ላይ ነው ራሴን የማገኘው።»

አብራቸው የመጣችው ቤታቸው የምትሠራ ወጣት ናት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ አምጡ ብዬ ስለነበር አንድ ፌስታል ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸው የደም ግፊት መድኃኒት አለ፤ አምሎዲፒን ይባላል፣ 10 ሚሊ ግራም። ከአሜሪካ ልጃቸው በመንገደኛ የላከችው ደግሞ ሌላ ብልቃጥ አለ፤ ላዩ ላይ ኖርቫስክ ይላል፣ እሱም 10 ሚሊ ግራም። ሁለቱንም በየቀኑ ይውጣሉ። ሽንት የሚያበዛ ሌላ የግፊት መድኃኒትም አለበት።

ኖርቫስክ ማለት አምሎዲፒን ማለት ነው። ስሙና ማሸጊያው ተለየ እንጂ ውስጡ ያው አንድ መድኃኒት ነው። በቀን ከ10 ሚሊ ግራም ማለፍ የሌለበትን መድኃኒት እማማ 20 እየዋጡ ነበር። ተኝተው ግፊታቸውን ስለካው 135 በ80 ነው። አስነሥቼ ስለካው ወደ 100 በ60 ወረደ። እግራቸውም አብጧል፤ እሱንም «ኩላሊቴ ነው» ብለው ለብቻቸው ይጨነቁበት ነበር። ሲነሡ የሚያዞራቸውና የሚጥላቸው ይህ ነው። እርጅናው ያለ ሥራው ተወቀሰ።

ልጆቻቸው 3 ናቸው። ሁለቱ አሜሪካ፣ አንዷ ቤሩት። አንዷ መድኃኒት ትልካለች፣ ወንድየው በየወሩ ገንዘብ ያስገባል፣ የቤሩቷ ደግሞ አሠሪዎቿ ሲተኙላት በኢሞ ትደውላለች። ከእነዚህ ልጆች አንዱንም ልወቅስ አልችልም። እንዲያውም ከስንቱ ይሻላሉ። ግን ሦስቱም በየፊናቸው ሲደክሙ፣ ሁለቱን ብልቃጥ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ አንድ ሰው እዚህ አልነበረም።

መድኃኒቱን የምትሰጣቸው ያቺ ወጣት ናት። አማርኛ ታነባለች፣ የእንግሊዝኛውን ግን በማሸጊያው ቀለም ነው የምትለየው። ጎበዝ ልጅ ናት፤ እማማ ሲወድቁ ያነሣቻቸው፣ ወደ ሕክምናም እንዲመጡ የለመነቻቸው እሷ ናት። ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ሳስረዳት «ዶክተር፣ እኔ እኮ ብዙ አልቆይም» አለችኝ። ፓስፖርቷን እየጠበቀች ነው። ወደ ሪያድ ልትሄድ ነው። ምን ልትሠሪ ብላት «አንዲት አሮጊት አሉ አሉኝ፣ እሳቸውን ልጠብቅ» አለች። የሚከፈላትም 1 ሺህ ሪያል ነው።

እማማ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ያን ቀን ቤቴ ከገባሁ በኋላም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። የእማማ ልጆች የሰው ሀገር ሄደው ይሠራሉ። እማማን የያዘችው ልጅ ደግሞ የሌላ ሀገር አሮጊት ልትይዝ ትሄዳለች። ዓለም አንድ መንደር ሆነች ሲባል ለእማማ ቤት ትርጉሙ ይህ ነው። ገንዘቡ ይመጣል፣ መድኃኒቱ በሻንጣ ይመጣል፣ ድምፁም በስልክ ይመጣል። ደግፎ ሽንት ቤት የሚያደርስ እጅ ግን በየትኛውም መንገደኛ አይላክም።

«ኢትዮጵያ እኮ የወጣት ሀገር ናት፣ የእርጅና ችግር የጃፓን ነው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው፣ ከ100 ሰው ዕድሜያቸው 60 የደረሰው 5 ገደማ ብቻ ናቸው። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በ1983 ዓ.ም. አካባቢ የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ነው። ክትባቱም፣ የጤና ጣቢያው መስፋፋትም፣ የኤችአይቪ መድኃኒቱም ፍሬ አፍርቷል፤ እሰየው ነው።

ሁለተኛው ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች የበለጠ ይመለከተናል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በሀገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች። በአዲስ አበባ ግን 1.8 ነው። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ደግሞ 1.4 ነበር። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት 2.1 ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ይህች ከተማ ራሷን የማትተካ ከሆነች 20 ዓመት አልፏታል፤ የምትሞላው ከክፍለ ሀገር በሚመጣ ወጣት ነው። የእኔ እናት ብትወድቅ የሚያነሷት 6 ልጆች ነበሯት። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የ40 እና የ45 ዓመት ወላጆች ስንት ልጅ አላችሁ? አንድ? ሁለት? ከሁለቱ አንዱ ውጭ እንዲማር ከአሁኑ እያሰባችሁ አይደለም? እኔም እያሰብኩ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ እማማ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው።

በእኛ ባህል ልጅ «ጧሪ ቀባሪ» ነው። ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ከመጦር የመጣ ነው። ሁለት ሥራ ነው፤ መጦር አንድ፣ መቅበር ሁለት።

መቅበሩን እንደ እኛ ያደራጀ ሕዝብ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እድር የከተማ ልጅ ነው። አያቶቻችን ከየገጠሩ ዘመድ ጥለው ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚል ጭንቀት ገባቸው፤ ከጎረቤት ጋር መዋጮ ጀመሩ፣ ድንኳን ገዙ፣ ዳኛና ጸሐፊ መረጡ፣ ጡሩምባ ነፊ ቀጠሩ። ስደት የወለደው ብልኃት ነው። ዛሬ አጠና ተራ ወይም አየር ጤና አንድ ሰው ቢያርፍ በ2 ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። ያው ሰው ከመሞቱ በፊት 2 ዓመት አልጋ ላይ ሲውል ግን ማን ገብቶ አገላበጠው? ጀርባው ቆስሎ በመጨረሻ ወደ እኛ ያመጡትን ሰው ቁጥር ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ለቀብሩ መቶ ሰው ይወጣል። የአልጋ ቁስል ግን በየ2 ሰዓቱ በሚያገላብጥ አንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚከለከል ነገር ነው።

እድር ከቀብር ሌላ አይሆንለትም የሚል ካለ የ1990ዎቹን ያስታውስ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ክፉ ዓመታት በዚህች ከተማ ብዙ እድሮች በየሳምንቱ መቅበር ሲሰለቻቸው መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለዋል። በቁም ያለን ሕመምተኛ መርዳት፣ ቤት ለቤት የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞችን መመደብ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ማገዝ ጀመሩ። ያን ጊዜ የቻሉትን አሁን የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም። ከመዋጮው ጥቂቱን ለይቶ በቁም ላለ አረጋዊ ማዋል፣ ልጆቹ ውጭ ያሉ አባል ደግሞ ትንሽ ጨምሮ እንዲከፍል ማድረግ ይቻላል። በዶላር ይክፈል እንጂ፣ ምን ችግር አለው?

እርግጥ እድሩም ራሱ እየተናጋ ነው። በመልሶ ማልማት ሰፈሩ ሲነሣ 40 ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይበተናሉ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የደረሳቸውና ጉልበታቸው የሚያማቸው አንድ አባት «ከፋሲካ ወዲህ መሬት አልረገጥኩም» ብለውኛል። ሊፍት የለም። ለአረጋውያን የታችኛው ፎቅ ይቀያየር ቢባል ለመንግሥት ብዙ ወጪ ያለው ነገር አይመስለኝም።

ጎረቤት ብቻውን ግን አይበቃም። ጃፓንን እንይ። ከ100 ጃፓናዊ 29 ያህሉ 65 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመተ ምሕረት የእንክብካቤ መድን ጀመሩ፤ ዕድሜው 40 የሞላ ሁሉ ይከፍላል፣ ሲያረጅ ቤቱ ድረስ መጥቶ የሚያጥበው፣ የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ያገኛል። ገንዘቡን በዚህ ፈቱት። እጅ ግን አነሳቸው፤ ከ2008 ጀምሮ ከኢንዶኔዥያ፣ ቀጥሎም ከፊሊፒንስና ከቬትናም ነርሶችና አስታማሚዎች ማስገባት ያዙ። የባሕረ ሰላጤው ሀገራት ከእኛ ይወስዳሉ። ሀብታም ሀገር ሲያረጅ የድሃ ሀገር ወጣት መጥራቱ አይቀርም፤ ወደፊትም ይብሳል። ያቺን ልጅ «አትሂጂ» ልላት አልችልም። ለእናቷ ቤት ልትሠራ ነው የምትሄደው። መሄዷ መብቷ ነው።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ በምትሠማራበት ሙያ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ይጠይቃል። ለሪያዷ አሮጊት ስትሄድ ባለሙያ ናት ማለት ነው። ዓለም ባንክ የእኛን እማማ ስትይዝ ግን ምንም አይደለችም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ስለዚህ የቤት ሠራተኛ የሥራ ሰዓቷ፣ ዕረፍቷ፣ የሕመም ፈቃዷ በአሠሪዋ ቸርነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እናታችንን ያህል ነገር በእጇ ሰጥተን፣ እንዴት ሰው ከአልጋ እንደሚያነሣ እንኳ ሳናሳያት፣ ከአንድ ጫማ ዋጋ ያነሰ እንከፍላታለን። ከዚያ ስትሄድ እንገረማለን።

እኔ የምለው፣ አረጋዊ መያዝ በዚህ ሀገር የሙያ ስም፣ ሥልጠናና ደመወዝ ይኑረው። ለውጭ ሀገር የሚሰጠው ሥልጠና ለሀገር ውስጥም ይሰጥ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበትን ቤት እንደሚያውቁት ሁሉ፣ ብቻውን የሚኖር አረጋዊ ያለበትንም ይመዝግቡ፣ ግፊት ይለኩ፣ የመድኃኒት ፌስታሉን ይክፈቱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። አቅም የለም ከተባለም ለሥልጠና የሚሆን ግን አለ፤ ለላኪው ሥልጠና ተገኝቷልና።

ገንዘቡን የሚከፍለው ማነው ትሉኛላችሁ። ልጆቻቸው ውጭ ላሏቸው ቤተሰቦች ገንዘቡ ቀድሞም እየመጣ ነው፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር በየዓመቱ ይገባል። ከዚያ ላይ ለሠለጠነች አስታማሚ ደህና ደመወዝ መክፈል ከስድስተኛው ብልቃጥ ቫይታሚን የተሻለ ጥቅም አለው። ማንም የሌላቸው አረጋውያን ግን በዚህ አይሸፈኑም። እነሱን የሚያነሡት እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ናቸው፤ ቢንያም በለጠ የጀመረው ይህ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ይዟል። እጅ የሚያስነሣ ሥራ ነው። ሀገር ግን በአንድ ሰው ደግነት ተንጠልጥሎ ማርጀት አይችልም።

ደመወዝተኛ የሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር አረጋግጡ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪያችሁ 11 በመቶ ይገባል። ከደመወዛችሁ የተቆረጠው በእርግጥ ገቢ መደረጉን ጠይቁ። 60 ዓመት ሲሞላችሁ ለመጠየቅ ይዘገያል።

አሁን ወደ ሕክምናው ልመለስ። ወላጅ ላላችሁ ሁሉ፣ እዚህም ሆናችሁ እዚያ፦

ለወላጃችሁ ሕክምና ኃላፊ የሚሆን አንድ ሰው ምረጡ። ሦስት ልጅ በየፊናው ሲያስብ ምን እንደሚፈጠር አያችሁ። የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ ፎቶ ተነሥቶ ለሁላችሁም ይላክ። ሐኪማቸው ሳያውቅ ከውጭ መድኃኒት አትላኩ። መላክ ካለባችሁ የመድኃኒቱን ዋና ስም ጠይቃችሁ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። በየ6 ወሩ ፌስታሉን ሙሉውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። እኔ አንዳንድ ጊዜ ከምጽፈው መድኃኒት ይልቅ የማስቆመው ይበልጣል።

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑና የሚጾሙ ከሆነ፣ ዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ያነጋግሩ። በተለይ ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ክኒን በአረጋውያን ላይ ስኳርን አውርዶ ለረጅም ሰዓት ሊያቆየው ይችላል።

«ጃጁ» ለማለት አትቸኩሉ። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ከቀባዠሩ ወይም ሰው ካልለዩ ያ እርጅና አይደለም። ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ፣ የውኃ ማነስ፣ መድኃኒት ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ይምጡ። ቀስ በቀስ በወራትና በዓመታት የሚመጣ መርሳትም መታየት አለበት። የማያዩትም ሁሉ በዕድሜ አይመካኝ፤ የዓይን ሞራ ግርዶሽ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው።

ስለ መውደቅ፦ ውጭ ያላችሁ በሚቀጥለው የቪዲዮ ጥሪ ቤቱን አዙረው ያሳዩአችሁ። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ እዩ። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ማታ መብራት አለ? መያዣ አለ? ወለሉ ላይ የሚያንሸራትት ምንጣፍ አለ? ጫማቸውስ ተረከዝ የሌለው ነጠላ ጫማ ነው? ሲነሡም መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ትንሽ ይቆዩ። እንደገናም እግራቸውን አሳዩኝ በሏቸው፤ ያበጠ እግርና የቆሰለ ጣት በድምፅ ጥሪ አይታይም፣ ሁሉም እናት ደግሞ «ደህና ነኝ» ነው የምትለው።

አስታማሚዋን አነጋግሯት። ስሟን ጠርታችሁ፣ እንደ ሰው። ምን እንደምታይ ከሐኪሙም ከእናንተም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

የእማማ ነገር እንዴት ሆነ ለምትሉ፦ ከሁለቱ አንዱን ብልቃጥ አስቆምኩ፣ የቀረውንም መጠን ቀነስኩ። በ3ኛው ሳምንት ሲመጡ የእግራቸው እብጠት ጎድሏል፣ አልወደቁም። ልጅቷ በደብተር ጠዋትና ማታ መድኃኒቱን እየሰጠች ምልክት ስታደርግ ቆይታለች፤ የግፊት መለኪያውንም አለማመድኳት። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው በስልክ አነጋግራኝ ደመወዟን እጥፍ እንደምታደርግላት ነገረችኝ። ልጅቷን ስጠይቃት ፈገግ ብላ ዝም አለች።

ፓስፖርቱ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ከመሄዷ በፊት የምትተካትን ልጅ፣ የአጎቷን ልጅ ነው፣ ከገጠር አስመጥታ ደብተሩን እያሳየቻት ነው። እማማ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ይዘው ይመጣሉ፤ አዲሷ ልጅ ግፊት መለካት ልትማር። ለእናቱ ለአባቱ የቀጠራትን ልጅ ማስተማር የሚፈልግ ሌላ ሰው ካለ ከታች ጻፉልኝ፣ አብረን እናያለን። ደብተርና የመድኃኒቱን ፌስታል እንዳትረሱ።